ሶሌኖይድ ይቆየን፣ በአንኮበር መገንጠያ እንጀምር

ስለ ኢንቨርስ ሊሚት፣ ማለትም ተከታታይ ቅርጾችን ወደ ኋላ በሚመልሱ ፋንክሽኖች አያይዞ አንድ አዲስ ቅርጽ ስለሚሠራው የሂሳብ ዘዴ፣ የሚያስረዳ ሰው ሁሉ ሶሌኖይድን (ከክቦች የሚሠራውን እንግዳ ቅርጽ) ያስቀድማል። ተማሪውም እዚያው ይደነግጥና ይቀራል። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆንኩ በመንገድ ልጀምር።

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደውን አስፋልት ውሰዱ። ስፋቱን እርሱት፣ መስመር ነው። ይሄ ካርታ 1 ይሁን። ካርታ 2 ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚገነጠለው መንገድ ይጨመር። ካርታ 3 ላይ ደግሞ ጣርማበር ላይ ተገንጥሎ መሐል ሜዳ የሚገባው። ከዚያ አንድ አንድ ቅርንጫፍ እየጨመርን ያለ ማቆም እንሂድ። መንዝ መቼም ኮረኮንች አያልቅበትም።

አሁን ከትልቁ ካርታ ወደ ትንሹ እንመለስ። አንኮበር መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ተሰብስቦ ደብረ ብርሃን መገንጠያው ላይ ይቁም። አስፋልቱ ላይ ያለው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። በቃ፣ ሪትራክሽን ይሄው ነው። ፋንክሽኑ የማይቆራረጥ መሆን አለበት፣ የሚመልስበት ክፍል ላይ ያለ ነጥብ ደግሞ ባለበት መቅረት አለበት።

ኢንቨርስ ሊሚት የሚባለው የነጥቦች ሰንሰለት ስብስብ ነው። ከየካርታው አንድ አንድ ነጥብ ትመርጣላችሁ፣ ግን እያንዳንዱ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሱ በፊት ያለውን መስጠት አለበት። መሐል ሜዳን እንይ። ካርታ 1 ላይ ጣርማበር፣ ካርታ 2 ላይም ጣርማበር፣ ከካርታ 3 ጀምሮ ግን እስከ ወዲያኛው መሐል ሜዳ ራሱ። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርታ እንዳለ ሊሚቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሊሚቱም ወደ እያንዳንዱ በሪትራክሽን ይመለሳል።

እኔ በጣም የምወደው ርቀቱን ነው። በየካርታው ትልቁ ርቀት 1 እንዲሆን እናስተካክልና፣ ሁለት ሰንሰለቶች በካርታ 1 ያላቸውን ርቀት ለ2፣ በካርታ 2 ያለውን ለ4፣ በካርታ 3 ያለውን ለ8 እያካፈልን እንደምር። በካርታ 20 የተጨመረ ቅርንጫፍ በፊተኞቹ 19 ካርታዎች ላይ ከመገንጠያው ጋር አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ሊሚቱ ውስጥ ጫፉ ከመገንጠያው የሚርቀው ከ500,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ማንም ሳያሳጥረው ራሱ ያጥራል! የሚወጣው ነገር ዴንድራይት ይባላል፣ የትም ዞሮ የሚገጥም ክብ መንገድ የሌለው፣ በየነጥቡ ዙሪያም የፈለግነውን ያህል ትንሽ የተያያዘ ሰፈር ያለው ኮንቲኒዩም። ኮንቲኒዩም ማለት አንድ ወጥ ሆኖ የተያያዘ፣ መጠኑ የተወሰነና ድንበሩ ያልጎደለ (ኮምፓክት) ቅርጽ ነው። ዴንድራይት የተባለ ሁሉ ደግሞ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አሁን ሶሌኖይድ ይምጣ። ካርታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ፋንክሽን ግን ማዕዘኑን በ2 ያባዛል። ካርታ 1 ላይ አንድ ሙሉ ዙር ስትሄዱ ካርታ 2 ላይ የሄዳችሁት ግማሽ ዙር፣ ካርታ 3 ላይ ሩብ ነው። እና የመጀመሪያው ክብ ላይ ቤት ደረስኩ ስትሉ ሁለተኛው ገና ማዶ ናችሁ ይላችኋል። ሁለት ዙር ብትሄዱ ሦስተኛው እምቢ ይላል። መቼም አይገጥምም። የሂሳብ ሊቁ ቪየቶሪስ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው ይህ ኮንቲኒዩም የተሠራው ከክብ ብቻ ሆኖ ውስጡ አንድም ክብ የለውም። ጭራሽ ለሁለት ትናንሽ ኮንቲኒዩሞች ልክፈልህ ቢሉት፣ ቁርጥራጮቹ ቢደራረቡ እንኳ፣ አይከፈልም። እንዲህ ያለ የማይከፈል ነገር መኖሩን ሌላው የሂሳብ ሊቅ ብራወር እ.ኤ.አ. በ1910 ነው ያሳየው።

ስለዚህ ሰው "ከምን ተሠራ?" ብሎ ሲጠይቅ ትንሽ ይከነክነኛል። ዋናው ጥያቄ በምን ፋንክሽን ተያያዘ ነው። ሪትራክሽን ከሆነ የኋላው አይጠፋም፣ ብዙ ነገርም በነፃ ይገኛል።

ለምሳሌ ዴንድራይትን ወደ ራሱ የሚወስድ የማይቆራረጥ ፋንክሽን ሁሉ ቢያንስ አንድ ነጥብ ሳያንቀሳቅስ ይተዋል። ማስረጃው አጭር ነው። ካርታ 20 ላይ ያለ ነጥብ ፋንክሽኑ ይውሰደው፣ ከዚያ በሪትራክሽን ወደ ካርታ 20 መልሱት። ካርታ 20 የተቆጠሩ ቅርንጫፎች ያሉት ዛፍ ነው፣ ዛፍ ላይ ደግሞ ይህ ንብረት፣ ማለትም ፋንክሽን ሁሉ የማያንቀሳቅሰው ነጥብ እንዳለው፣ ይታወቃል። ስለዚህ ሄዶ ራሱ ላይ የሚመለስ ነጥብ አለ። ሪትራክሽኑ ግን ማንንም ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ አያንቀሳቅስም። እንግዲያው ፋንክሽኑም ያን ነጥብ ከዚያ በላይ አላንቀሳቀሰውም። በካርታ 21፣ በ22፣ በ23 ደግሙት። ሊሚቱ ኮምፓክት ስለሆነ ከነዚህ ነጥቦች መካከል ወደ አንድ ቦታ የሚጠጉ ይገኛሉ፣ የሚጠጉበትም ነጥብ አይንቀሳቀስም።

ሪትራክሽን ከሌለስ? ካርታዎቹ ሁሉ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ መስመር ከሆኑ ችግር የለም፣ ማያያዣው ፋንክሽን ምንም ቢሆን ንብረቱ ይጸናል፣ የሂሳብ ሊቁ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 አረጋግጦታል። በዛፍ ግን አይሆንም። ሌላው የሂሳብ ሊቅ ቤላሚ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዛፎች የተሠራና የማያንቀሳቅሰው ነጥብ የሌለው ፋንክሽን ያለው ኮንቲኒዩም ሠርቶ አሳየ። ማያያዣዎቹ ሪትራክሽን ቢሆኑ ኖሮ የላይኛው ማስረጃ አያሳልፈውም ነበር። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተቀመጠ፣ ወረቀቱንም ለሁለት የማይለይ ኮንቲኒዩም ሁሉ ይህ ንብረት ይኑረው አይኑረው ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።