ቤዛዊት ድረስ በአሮጌዋ ያማሃ

ሞተሯን የሸጡልኝ ዕድሜያቸውን በግብርና ሥራ ያሳለፉ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። ሊብሬውን ሲያስረክቡኝ የቤንዚን ሰልባቲዮዋን ዳበስ አድርገው «ጧት ጧት አትቸኩልባት፤ ትንሽ ትሙቅ» አሉኝ። ያማሃ ኤጂ 100 ናት።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አወጣኋት። ሦስተኛው ርግጫ ላይ ተነሳች። ያ የባለ ሁለት ምት ሞተር ድምፅ! ጥርት ያለ፣ ልብ የሚያነቃ። ሰማያዊ ጭስ ቦለል አለ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል ነው፤ ስትሞቅ ቀነሰ።

በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር ቀስ እያልኩ ወደ አባይ ወረድኩ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በባጃጅ ስሻገር ርዝመቱ ተሰምቶኝ አያውቅም። በሞተር ግን የጣና ነፋስ ከጎን ይገፋሃል፤ የውሃው ሽታ ሄልሜት ውስጥ ይገባል።

ማርሽ ስቀይር የምጨብጠው ፍሪሲዮን ጠንካራ ነው፣ ጣቶቼን አሞኛል። የፊት ፍሬኑም ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ እሱን ሳላሠራ ሰው አልጭንም። ሰንሰለቷ ግን ሙሉ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ናት። ለእኛ አገር አቧራና ጭቃ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ።

የቤዛዊት ዳገት ላይ ማርሽ ቀነስኩላት። አላመነታችም። ላይ ደርሼ ሳጠፋት የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ እየቀዘቀዘ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አባይ ከታች ተጠማዞ ይሄዳል። ወዲያው ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ዳገቱን ወጣችው?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ።