ነጭ ጨርቅ እየጎተትኩ መዥገር ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት ያየኝ ሰው አብዷል ሳይል አይቀርም። ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነጭ ጨርቅ በገመድ ሳሩ ላይ እየጎተትኩ፣ በየተወሰነ እርምጃው ቆም ብዬ ጨርቁን ገልብጬ እያፈጠጥኩ። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ "ጋሼ ምን ጠፋብህ?" አለኝ። መዥገር ስለው ሳቁ አላስቆም አለው፣ "የኛን በሬ ጆሮ ብታይ ይበቃህ ነበር እኮ!"

ግማሽ ልክ ነው። እኔ የምፈልገው ግን መዥገሩ ውስጥ ያለ ቫይረስ ነው። ከከብት ላይ መልቀም ይቀላል፣ ግን እሱ መዥገር ሆዱ የከብት ደም ስለሆነ ቫይረስ ቢገኝበት የራሱ ይሁን አሁን የጠጣው አይለይም፣ ሳር ላይ የተራበው ነው ንፁህ መልስ የሚሰጠው። ጨርቁ ነጭ የሆነው ደግሞ ጤፍ የምታክለው እጭ እንድትታይ ነው።

የምንፈልገው የክሪሚያ ኮንጎ ትኩሳትን ቫይረስ ነው፣ በ1944 ክሪሚያ ውስጥ ወታደሮች ላይ ታየ፣ በ1956 ኮንጎ ውስጥም ተገኘ፣ በኋላ አንድ መሆኑ ሲታወቅ ሁለቱንም ስም ይዞ ቀረ። ከብት ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፣ ሰው ሲይዝ ግን ትኩሳት ከዛ መድማት፣ ከታመሙት 100 ሰዎች እስከ 40ው ሊሞቱ ይችላሉ። ዋናው ተሸካሚ ሃያሎማ የሚባለው እግሩ ዥጉርጉር መዥገር ነው፣ እሱ ደሞ ጨርቄን ከምንም አልቆጠራትም። እንደ ሌሎቹ መዥገሮች ሳር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን አይጠብቅማ! መሬት ላይ ተደብቆ ቆይቶ ኮቴና ትንፋሽ ሲሰማው ወጥቶ ይሮጣል። ግማሽ ቀን ጎትቼ አንድም ሃያሎማ የለም፣ ምሳ ልበላ ቁጭ ስል ሁለት ሃያሎማዎች ከዋልካው ስንጥቅ ወጥተው ወደ ጫማዬ ሲገሰግሱ አየኋቸው። ለካ ወጥመዱ እኔው ነኝ።

ከዛ ያ ልጅ ሊያግዘኝ ፈልጎ ከላሟ ላይ አንድ የጠገበ መዥገር ነቅሎ በጥፍሩ ድፍጥ! ደሙ እጁ ላይ ፈሰሰ። ጮህኩበት፣ ውሃና ሳሙና አስመጣሁ። አያቱ ወጥተው "ከድሮም በእጃችን ነው ስንለቅም የኖርነው፣ ማን ሞተ?" አሉኝ። ቫይረሱ በንክሻ ብቻ ሳይሆን መዥገሩ ሲፈርጥም በቁስል ይገባል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ብዙም አልተሳካልኝም። መጨረሻ ላይ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለችውን ወረንጦ አይቼ "እማማ በዚች ቢነቅሉትስ?" አልኳቸው። "የእሾህ መንቀያዬን?" ብለው ተቆጡ፣ ግን ማታ ስሄድ ለልጁ ሌላ ወረንጦ ሲፈልጉለት ነበር።

ቫይረሱ ሙቀት ላይ ቶሎ ስለሚበላሽ መዥገሮቹን በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሳጥኑን አየት አድርጎ "ቆሮሶ ዓሳ ነው? ስንት ነው?" አለኝ።

አይሸጥም አልኩት።