አዲሷ ሞተሬ እና የጎርጎራ ፒስታ

ሞተሯ ከአዲስ አበባ ጎንደር የገባችው በአይሱዙ ላይ፣ በሳሙና ካርቶኖች መሀል በገመድ ተጠፍራ ነው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነበር። እኔ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዤ ቀድሜያት ደርሻለሁ። ሸራው ተገልጦ ሰማያዊው የቤንዚን ጋኗ ብቅ ሲል ዕንባዬ መጣ። አራት ዓመት የቆጠብኩባት ናት።

ደስታዬ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። አውራጆች መጡና 400 ብር አሉኝ። ለአንዲት 118 ኪሎ ለማትሞላ ሞተር! «ሕጉ ነው፣ እኛ ሳንነካው ዕቃ አይወርድም» አሉ። ተከራክሬ 200 ከፈልኩ። ሲያወርዷት ደግሞ የግራ ፍሬቻዋን ከመኪናው ጠርዝ ጋር አጋጭተው ሰበሩት፤ ይቅርታ ያለኝም የለም። ባሕር ዳር ብሆን ሁለት የሰፈር ልጅ ጠርቼ በአንድ ለስላሳ አስወርዳት ነበር። አሁንም ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ናት፤ ለአስፋልትም ለፒስታም (አስፋልት ላልለበሰ መንገድ) የምትሆን። ሥራዬ የከብት ክትባት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ስለሆነ፣ ክረምት ሲገባ እግሬ ጭቃ ውስጥ፣ መድኃኒቱ ጀርባዬ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ጎንደር ላይ ተቀበልኳት? ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሳይክል የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው፣ እናቴም ገበያ የምትሄደው በሳይክል ነበር፤ ዳገት የሚባል ነገር ግን አላውቅም። ወንድሜ ጎንደር ሲማር የተዋወቃቸው ሞተረኞች «እዚህ ትማር፣ ጎንደር ላይ የነዳ የትም ይነዳል» ብለው መከሩ። አራት ናቸው፦ ከግብርና ሥራ ጡረታ የወጡት ጋሼ፣ መካኒኩ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ እና ቱሪስት የሚያስጎበኝ አንድ ልጅ።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሯን ያስነሣት ሰው የለም። ጋሼ አዘዞ ዳር ወዳለ ሜዳ አስገፍተው አስወሰዱኝና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። መካኒኩ ብሎንና ዳዶውን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ «አዲስ ናት ብለሽ አትመኚ፣ አዲስ ሞተር ንዝረቱ ሁሉን ያላላል» እያለ። ካቴናዋን ከታች በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ሦስት ጣት ያህል መላላት እንዳለባት አሳየኝ፤ ከጠበቀች ሞላው ሲወርድ ትበጠሳለች። ከዚያ ፍጹም ያልጠበቅኩትን አደረገ፤ የፍሬኑንና የፍሪስዮኑን (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን) እጀታ መሪው ላይ የያዙትን ብሎኖች አላላቸው። በእጄ ስገፋቸው ይዞራሉ። «አዲስ ዕቃ ለምን ታበላሻለህ?» አልኩት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። «ስትወድቂ ይገባሻል» አለኝ። ብትወድቂ አላለም።

መቀመጫዋ ከመሬት 84 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቴ ለሁለቱም እግር አይበቃም። ጋሼ በአንድ ጎን ተንሸራትቼ አንዱን እግር ሙሉ እንድረግጥ፣ ስቆም ሁልጊዜ መሬቱ ከፍ ወዳለበት በኩል እንዳዘነብል አስተማሩኝ። ይኼን ብቻ ግማሽ ቀን ተለማመድን። ማታ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ የጎንደር ማኪያቶ ከባሕር ዳር ይሻላል፣ ይህን ለመመስከር አልሰስትም።

በሦስተኛው ቀን ኮሶዬ ወጣን፤ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለቃን እንዳለፍን ዳገቱ ጀመረ፤ ሞተሬም ደከመች። ቤንዚን ስሰጣት ታጉረመርማለች እንጂ አትሄድም። ሰዉ እየራቀኝ ሲሄድ ሆዴ ባዶ ሆነ፤ የተበላሸ ሸጡልኝ ብዬ አሰብኩ። መካኒኩ ተመልሶ መጣ፣ ሞተሯ እስክትበርድ ጠብቆ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለውን ካንዴላዋን ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጥላሸት ለብሳለች። «ደህና ካንዴላ የገብስ ቆሎ ይመስላል» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን የሚሰጠውን ቤንዚን አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ በደንብ አይነድም። አየሩ ራሱ ሲሳሳ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቷ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ እኛ የምንወጣው ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ነው። «ጅግለሯን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ በአነስተኛ መቀየር ይቻላል፣ አንቺ ግን የምትሠሪው ታች ነው፤ አትንኪያት፣ ማርሽ ቀንሺላት» አለኝ።

ማርሽ መቀነሱን ደግሞ አጥብቆ ነበር የተናገረው። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመድበት ነው። እስከ ጥግ ቤንዚን መስጠትም፣ በከባድ ማርሽ አፍኖ ዳገት ማስወጣትም ይጎዳታል። ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ኮሶዬ ላይ ገደሉ አፋፍ ቆመን፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነቅሉ እያየን በሶ በጥብጠን ጠጣን።

ጣና ሰሜን ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ የሄድነው ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ከአዘዞ ወደ ቀኝ እንደታጠፍን ፒስታው ተቀበለን። ጋሼ ከመነሣታችን በፊት አንድ ደንብ ነገሩን፦ «ማንም የፊቱን አይከተልም። ሁሉም የኋላውን ይጠብቃል። መገንጠያ ላይ ቁሙ፣ የኋላችሁ ሰው እስኪያያችሁ ድረስ አትንቀሳቀሱ።» እኔ ሦስተኛ ነኝ፣ ከኋላዬ መምህሩ አለ። የእሱ አሮጌ ሞተር በየአሥር ደቂቃው ትጠፋለች፤ እኔም በየመገንጠያው ፀሐይ ላይ ተገትሬ እጠብቃለሁ። አቧራው ሄልሜቴ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናደድኩ። ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ሰውየው ደግሞ የአገሩ ሰው፣ የት ይጠፋል?

በመሀል በመሀል ግን ፒስታው ደስ ይላል። ጎማውን ትንሽ አስተንፍሰነዋል፤ ድንጋዩ ላይ አትዘልም፣ ታቅፈዋለች። ቆሜ በጉልበቴ ጋኑን ይዤ፣ ዓይኔን ሩቅ ጥዬ ስነዳ ክንዴ አረፈ። የእንስሳቱን ነገር እንኳ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። በግ አንዷ ከተሻገረች ሁሉም ይከተላሉ፤ ፍየል አይታሽ ትወስናለች፤ አህያ ጥሩንባ ቢነፉባትም መንገድ አትለቅም፣ ዞሮ ማለፍ ነው። ለበሬ ደግሞ ሞተር አጥፍቶ መቆም።

የወደቅኩት ከቆላ ድባ በፊት ነው። ቁልቁለት፣ ኩርባ፣ ልቅ ጠጠር። አንድ ጥጃ ከበቆሎ ማሳ ወጥታ ፊቴ ቆመች፤ እኔም የተማርኩት ሁሉ ጠፍቶኝ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩት። የፊት ጎማው ከሥሬ ሸሸ። በግራ ጎኔ ተንሸራትቼ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆምኩ፤ ሞተሯ እግሬ ላይ ተኝታለች። አልተሰበርኩም፤ ግን ማውጣት አልቻልኩም። ቤንዚኑ በጋኑ ክዳን በኩል ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል፤ ከፊቴ ያሉት ኩርባውን አልፈዋል። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የደረሰው ማሳው ውስጥ የነበረ ገበሬ ነው። «አይዞሽ እታለም፣ አይዞሽ» እያለ ሞተሯን ብቻውን ቀና አደረጋት። ክርኔ ደምቷል፤ ከቅሉ ውኃ አፍስሶ አጠበልኝ። ከዚያ መንገዱ ላይ የቀረውን ጭረት አየት አደረገና፣ «ልጓሟን ሳብሽባት እኮ! በቅሎም በቁልቁለት አፏን ከያዝሽባት ትጥልሻለች። ለቀቅ አድርገሽ በወገብሽ ነው» አለኝ። ሞተር ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጋሼ ሦስት ቀን ሙሉ «የኋላውን ቀድመሽ፣ የፊቱን በሁለት ጣት» እያሉ የነገሩኝ በዚህ ቃል ነው የገባኝ። ልጓም። አሁንም ቁልቁለት ላይ ያን ቃል ለራሴ እላለሁ።

መምህሩ ከኋላ ሲደርስ፣ መካኒኩ ከፊት ተመልሶ መጣ፤ የሚቀጥለው መገንጠያ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ቀርቼበት ነው። ከወደቅኩ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ፒስታው ላይ የተቆጣሁበት ደንብ ነበር ያመጣው። የፍሪስዮኑ እጀታ በመውደቄ ወደ ላይ ዞሯል፤ አልተሰበረም። መካኒኩ በእጁ ወደ ቦታው መለሰውና አየኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ለገበሬው 50 ብር ዘረጋሁ፤ እጄን አጥፎ መለሰልኝ። ጥጃዋ የእሱ ነበረች።

ቆላ ድባ ሻይ ጠጣን፤ መምህሩ ጎሚስታ ዘንድ ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) አስለጠፈ፣ 20 ብር። ከዚያ እስከ ጎርጎራ ያለውን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም፤ ክርኔ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ጎርጎራ ላይ ሞተሬን ከዋርካ ሥር አቁሜ ወደ ውኃው ወረድኩ። ልጅ ሳለሁ በየሳምንቱ ከባሕር ዳር የምትነሣዋን መርከብ ቆሜ እሸኛት ነበር፤ ደሴቶቹንና ቁንዝላን ነካክታ መጨረሻዋ ጎርጎራ ነው ይባል ነበር። ለእኔ ጎርጎራ የመርከቧ መጥፊያ ነበር፤ ሰው የሚኖርበት አገር አይመስለኝም ነበር። አሁን በዚያኛው ጫፍ ቆሜ ወደ ደቡብ አየሁ። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ነውና ባሕር ዳር አይታይም፤ እኔ ግን ብዙ ቆይቼ ፈለግኳት። ዘንባባዎቹን፣ የእናቴን ሳይክል። ውኃው ያው የእኛው ውኃ ነው፣ ሽታውም።

የተጠበሰው ቀረሶ ዓሣ ከአገሬ እኩል ነው፤ ከዚያ በላይ አልልም። ራት ላይ ጋሼ ታሪክ አወሩን፤ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥቱ በዚሁ ዳርቻ እንደነበረ፣ ልጁ ፋሲለደስ ግን እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ እንዳደረጋት። በማግሥቱ ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም ተሳልመን የግድግዳ ሥዕሎቹን አየን፤ ቄሱ ሞተሮቻችንን ሳይቀር ባረኩልን።

ሌሊቱ ግን ክፉ ነበር። ለ150 ብር የተሰጠኝ ክፍል በሩ አይቆለፍም፣ አጎበሩ እንደ ወንፊት ነው። ባለቤትየውን ሌላ ክፍል ብጠይቀው «ለአንድ ሌሊት ምን አለበት?» አለኝ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ወባን እንዲህ አይንቅም። ሞተሯን አስገብቼ በሩን በእሷ ደገፍኩት፣ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ሄልሜቴን እንኳ አድርጌ ተኛሁ። ሌሊቱን በሙሉ የቤንዚንና የአዲስ ጎማ ሽታ እየሸተተኝ ነጋ።

ሰኞ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ብቻዬን መነሣት ነበረብኝ፤ 180 ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም አስፋልት። መካኒኩ ካቴናዋን ዘይት ቀባልኝና 1,000 ላይ የሞተር ዘይቱን ሳልቀይር እንዳላልፍ አስማለኝ። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላና የፍሪስዮን ኬብል በላስቲክ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ኋላ አሰረልኝ፤ ዋጋውን ብጠይቀው «ስትመለሺ» አለኝ። አራቱም እስከ አዘዞ ሸኙኝ።

እንፍራንዝ ላይ ለሻይ ስቆም ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። «የት ደረስሽ?» ነገርኳቸው፤ «በይ እሺ» ብለው ዘጉ። አዲስ ዘመን ስደርስ መምህሩ ደወለ። ወረታ ላይ ሙቀቱ ሲጀምር መካኒኩ፣ «ካቴናዋን ነካ አድርገሽ እይልኝ፣ ሦስት ጣት ነው?» አለኝ፤ ወርጄ ለክቼ ሦስት ነው አልኩት። ሐሙሲት ላይ አስጎብኚው ልጅ። ተራ ገብተው ነበር።

የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ቤት ስገባ 10 ሰዓት አልፏል። እናቴ በሩን ከፍታ የግራ ክርኔንና የተሰበረውን ፍሬቻ እያየች ቆመች። «ቆይ እማዬ፣ አንዴ» አልኳትና ሄልሜቴን ሳላወልቅ ጋሼ ጋ ደወልኩ።