አባቴን ባሰብንበት ቀን

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ የአባቴን ሙት ዓመት አስበን ዋልን።

አባቴ ወላጆቹን በልጅነቱ በሞት አጥቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ ከቢቸና እስከ ደብረ ኤልያስ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች የተንከራተተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በለመናት ቁራሽ ያደገ ሰው ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ውሻ የነከሰው ጠባሳ ነበረበት፤ ስንጠይቀው ግን የሚያወራልን ስለ ውሻው ሳይሆን ቁስሉን በሞቀ ውኃ አጥበው እራት ስላበሉት ባልቴት ነበር።

ኋላ አስኳላ ገብቶ መምህር ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ቀን ሕፃናትን ሲያስተምር ውሎ ማታ በኩራዝ ብርሃን ገበሬዎችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበርና እናቴ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ጎደሎውን ባትሞላ ኖሮ ማናችንም በትምህርታችን ባልዘለቅን፤ ስለዚህ የእሱ አገልግሎት ሲነሳ የእሷም ድካም አብሮ ሊነሳ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከቀትር በኋላ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «በጤፍ አጨዳ ወቅት ከትምህርት ቤት ስቀር፣ አባትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጭድ ይዘው እየመጡ ከአባቴ ጋር ያጭዱ ነበር። ሲጨርሱም ‹እንግዲህ ሰኞ ልጁን ይላኩልኝ› ይሉት ነበር።» ይህን አባቴ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። እኚህ ሰው አሁን በቀበሌያቸው ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።