ድራይሱት ስመርጥ ከእጅ አንጓ ለምን እንደጀመርኩ

ጠላቂ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለብሰው፣ ውሃ የማያስገባው ልብስ፣ የድራይሱት ፍለጋዬ መልክ እየያዘ ነው። ሲጀመር የሚያሳስበኝ የጨርቁ ዓይነት ነበር፤ አሁን ግን ከእጅ አንጓ ተነስቼ ነው የምመርጠው። በቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ የሚከዳው እጅ ነው። ጣት ከደነዘዘ ቫልቭ መጫን፣ መንጠቆ መፍታት፣ መብራት ማብራት ያቅታል፤ ሌላው ገላ ቢሞቅም ጠለቃው በዚያው ያበቃል።

የጨርቁን ነገር ባጭሩ፦ ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። አረፋማው ጎማ ኒዮፕሪን የሚያሞቀው በውስጡ ባሉት የጋዝ አረፋዎች ነው፤ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ትራይላሚኔት በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ ያለው ስስ ልብስ ነው፤ ራሱ አያሞቅም፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከሥር ከሚለበሰው ነው። እኔ ወደዚህኛው አዘንብያለሁ። ለውሃው ቅዝቃዜ የሚመጥን የውስጥ ልብስ መቀያየር ይቻላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቢቀደድም መለጠፍ ቀላል ነው። ከሥር ጥጥ ግን አይሆንም፤ ላብ ይይዝና ያበርዳል።

ወደ አንጓው ልመለስ። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጨብጡና ከመዳፋችሁ በታች ያለውን ቦታ ተመልከቱ፤ ጅማቶቹ ይነሱና በመካከላቸው ቦይ ይፈጠራል። ማሸጊያው፣ ማለትም የእጅጌውን ጫፍ አንጓ ላይ የሚያጠብቀው ላስቲክ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ውሃ በዚያ ቦይ ሾልኮ ይገባል። ደረቅ ጓንት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ ይህን ያስቀራል፤ ጓንቱ በቀለበት ከእጅጌው ጋር ስለሚገጥም ውሃው ማሸጊያው ጋ አይደርስም።

ጓንቱም የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ታች ሲወረድ በውስጡ ያለው አየር ይጨመቃል፤ ላስቲኩ ጣት ላይ ተጣብቆ እጥፋቱ ቆዳ ይቆነጥጣል። መፍትሔው ከማሸጊያው ሥር ቀጭን ቱቦ ወይም የሱፍ ክር ማሳለፍ ነው፤ ክንድ ከፍ ሲደረግ የልብሱ አየር ወደ ጓንቱ ያልፋል። ማሸጊያውን ጨርሰው የሚያወጡም አሉ። እኔ አልደግፈውም፤ ጓንቱ ከተቀደደ ውሃው ያለምንም ከልካይ እጅጌ ውስጥ ይገባል። ማሸጊያው ካለ፣ ክሩ ቢያሳልፍም እንኳ፣ ፍሰቱን ያዘገየዋል።

የማሸጊያው ዓይነት ላይ ሳወጣ ሳወርድ ሲሊኮን ላይ አረፍኩ። ላቴክስ (ስስ የተፈጥሮ ጎማ) ይለጠጣል፣ ነገር ግን ፀሐይና ዘይት ያበላሹታል። ሲሊኮን ትንሽ ከተጫረ ይተረተራል፤ ሆኖም ቀለበቱ ላይ ያለ ሙጫ ስለሚገጠም እዚያው ቦታው ላይ መቀየር ይቻላል።

ልብሱን ስሞክር የውስጡን ሁሉ ለብሼ፣ ጓንቱንም ከሥሩ ከሚለበሰው ሱፍ ጋር አጥልቄ ነው። ቁጢጥ እላለሁ፣ ራሴን አቅፋለሁ፣ ከጭንቅላቴ ጀርባ ያለውን የጋዝ ቫልቭ ለመያዝ እዘረጋለሁ። ቁጢጥ ስል ጀርባው የሚስብ ከሆነ ልብሱ ጠቧል። ሰፊውም አይመረጥም፤ የተረፈው አየር ወደ እግር ይሄድና ጠላቂውን ይገለብጣል።

የሚቀጥለው ልምምድ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በጓንት እጅ ደረት ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቫልቭና ግራ ክንድ ላይ ያለውን ማስወጫ ሳላይ ማግኘት ነው።