ጳጉሜን ያለ ዱቤ ለመሻገር ያደረግነው

በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር መምህር ነኝ፤ ባለቤቴም የጤና ባለሙያ ናት። ሁለታችንም ደመወዝ እያለን ሦስት ዓመት ያህል በዱቤ ኖረናል።

ዕዳው ከየት እንደሚጀምር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት 12 ደመወዝ ብቻ ስለሚከፈለው፣ በነሐሴ መጨረሻ የምንቀበለው ገንዘብ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ቀን ማድረስ ይኖርበታል፤ የእንቁጣጣሽ በግ፣ የልጆች ደንብ ልብስና ደብተር፣ ከዚያም መስቀል የሚመጡት በእነዚሁ ቀናት ነው። የጎደለውን ከሰፈራችን ሱቅ በዱቤ እንሞላለን፤ የመስከረም ደመወዝ ለዚያ ዕዳ ሲውል ጥቅምትም በዱቤ ይገባል፤ እንዲህ እያልን ዓመቱን እንጨርሳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ችግራችንን ሁሉ በኑሮ ውድነት ማሳበብ ቀለለኝ። ኑሮው በእርግጥ ተወዷል፤ የእኛ ዕዳ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ።

አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለብንን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፦ ለሱቅ 6,400 ብር፣ ባለቤቴ በየወሩ ለምትከፍለው ልብስ ነጋዴ 3,000 ብር፣ በስልኬ ለምወስደው ብድር 2,000 ብር፣ ለእቁብ 9,000 ብር፤ በድምሩ 20,400 ብር። የስልኩን ብድር ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ እርሷም የልብሱን ዕዳ አልነገረችኝም። እያንዳንዱ ዕዳ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ስለነበር ማናችንም አልደነገጥንም ነበር።

ከሁሉም የከበደው የስልኩ ነበር። 2,000 ብር ስበደር 160 ብር አስቀድሞ ይቆረጥና 1,840 ብር ይደርሰኛል፤ በ30 ቀን ውስጥ 2,000 ብር መልሼ በማግስቱ እንደገና እበደራለሁ። ይህን 12 ወር ስላደረግሁ የከፈልሁት 1,920 ብር ሆነ፤ ዋናው ዕዳ ግን እንዳለ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ በትርፍ ሰዓት ሥራ ያገኘችውን ገንዘብ ለዚህ አዋልን፤ ከዚያ በኋላም አልተበደርሁም።

እቁቡን ብድር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ሃያ ሆነን በወር 1,000 ብር እንጥል ነበር፤ ሁለተኛው ዕጣ ለእኔ ስለወጣ 20,000 ብሩን ለሶፋ አዋልሁት። እቁብ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ቀድሞ ለደረሰው ብድር፣ መጨረሻ ለሚደርሰው ቁጠባ ነው። እኔ ግን የቀሩትን 18 ወራት ስጥል የምበላው ከሱቅ በዱቤ ነበር።

ባለሱቁን ማነጋገር ከባድ ነበር፤ በክፉ ቀን ያልከለከሉን ሰው ናቸውና።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ገንዘብ ሳልይዝ ብመጣ እንዳይሰጡኝ እለምንዎታለሁ» አልኋቸው።

«ምነው መምህር፣ አስቀየምሁዎት?»

«የለም፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ! የቀረውን በየወሩ 800 ብር እከፍልዎታለሁ።»

ደብተሩን አውጥተው ፊቴ ደመሩልኝ፤ በስምንት ወር ተከፍሎ አለቀ። እርሳቸውም ከአከፋፋይ በዱቤ እንደሚያመጡ፣ እኛ ስንዘገይ ዕቃ እንደሚያጥራቸው ያን ዕለት ነገሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት የእርሳቸውን ችግር አለማሰቤ ያሳዝነኛል።

በጉንም ትተን ገናን ከጎረቤት ጋር በቅርጫ አሳለፍን። ጤፍ በኪሎ መግዛቱ እንደሚያስወድድብን ስላየን፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በጥር ወር አንድ ኩንታል በአንድ ጊዜ ገዛን። አዲስ እቁብ ስንገባ ደግሞ ዳኛውን የመጨረሻው ዕጣ ለእኔ እንዲሆን ለመንኋቸው፤ ቶሎ የሚፈልግ እንጂ መዘግየት የሚፈልግ ስለማይገኝ አባላቱ በደስታ ተስማሙ። ዕጣው በነሐሴ ስለደረሰ ደንብ ልብሱም፣ ደብተሩም፣ የጳጉሜን ቀለብም በእጃችን ባለው ገንዘብ ተገዛ።

የዘመድ ሠርግና ተዝካር ግን አሁንም ይፈትነናል። ባለፈው ጥር መንዝ ለነበረ ሠርግ ከአቅማችን በላይ አውጥተን ከሥራ ባልደረባዬ 1,500 ብር ተበደርሁ። ከሠርጉ በተመለስንበት ምሽት ያንን የቀድሞውን ወረቀት አውጥተን፣ ከተሰረዙት ዕዳዎች ሥር ከባለቤቴ ጋር ጻፍነው፤ በሚያዝያም ሰረዝነው።