ከሸርተቴው በፊት መሬቱን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው አሁን በብዙ ይሻላል። እንጦጦ፣ አንድነትና ወዳጅነት ፓርክ አሉ። በኮሪደር ልማቱ የታደሱ መንገዶች ዳር አነስ አነስ ያሉ መጫወቻዎች ተተክለዋል። ብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥም አንድ ሸርተቴና ሁለት ዥዋዥዌ አይጠፋም። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ከትልልቆቹ ፓርኮች ይልቅ በእግር የሚደረስበት የሰፈር መጫወቻ ይበልጣል ባይ ነኝ። ታክሲውና ወረፋው ልጁን ገና ሳይጫወት ያደክሙታል፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ደግሞ ከሠላሳ አርባ ደቂቃ በኋላ መነጫነጭ ይጀምራል። ያንኑ አርባ ደቂቃ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሰፈሩ ውስጥ ቢያገኘው ለጡንቻውም ለእንቅልፉም ይጠቅመዋል። ነገር ግን የሰፈር መጫወቻ ብዙውን ጊዜ ጠያቂ የለውም። ተበላሽቶ ሳለ ማንም ሳይነካው ለወራት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መርማሪዎቹ እናንተው ናችሁ።

ምርመራው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ ጉዳቱን የሚወስነው ምን ላይ እንደወደቀ ነው። ኮብልስቶን፣ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ የተተከለ ሸርተቴ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ከአንድ ሜትር ከፍታ በጭንቅላቱ ኮብልስቶን ላይ የወደቀ ልጅ ከባድ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ሰው ሠራሽ ሣር ደግሞ ያዘናጋል። አረንጓዴ ነው፣ ለስላሳ ይመስላል፤ ብዙ ቦታ ግን ቀጥታ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ነው። በተረከዛችሁ አጥብቃችሁ ርገጡት። ካልሰመጠ፣ ጠርዙም የተነቀለበት ቦታ ገልጣችሁ ስታዩ ከሥሩ ጎማ ወይም ስፖንጅ ከሌለ፣ እንደ ባዶ ሲሚንቶ ቁጠሩት። የጎማ ንጣፍ ጥሩ ነው፤ ውፍረቱ ግን ከመጫወቻው ከፍታ ጋር መመጣጠን አለበት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎማ ከሁለት ሜትር ለሚወድቅ ልጅ አይበቃም። ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማም ይደርቅና ይጠጥራል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሸነፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

አሸዋ ከሆነ ቀጭን እንጨት ሰክታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ልቅ አሸዋ ከ1.2 ሜትር ገደማ ለሚወድቅ ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚረዝም መጫወቻ አሸዋ ብቻውን አያስተማምንም። የምትለኩት ደግሞ ዥዋዥዌው ሥርና የሸርተቴው አፍ ላይ ይሁን። የልጆች እግር አሸዋውን ጠርጎ የሚወስደው ከእነዚህ ቦታዎች ነው፤ ብዙ የሚወደቀውም እዚያው ነው። ዳር ዳሩ ላይ ጥልቅ ሆኖ የሚታየው አሸዋ ከመሃል የተጠረገው ነው። ለስላሳው ንጣፍ ከመጫወቻው ጫፍ ጀምሮ በየአቅጣጫው 1.8 ሜትር ያህል መዘርጋት አለበት፤ ምክንያቱም ልጅ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተወርውሮ ነው የሚወድቀው።

ተፈጥሯዊ መሬት ላይ የቆመ ከሆነ አፈሩን እወቁት። በአቃቂና በቦሌ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በክረምት የነበረው ለስላሳ ሣር ጥርና የካቲት ላይ እንደ ጡብ ይጠነክራል። የአፈሩ ማበጥና መኮማተር የዥዋዥዌ ምሰሶ የቆመበትን ኮንክሪት ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ አንዳንዴም ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። ምሰሶውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙት። ከሥሩ ከተነቃነቀ፣ ወይም የኮንክሪቱ ጫፍ ከመሬት በላይ ብቅ ካለ፣ ዥዋዥዌው ለዚያ ቀን ይቅር።

መሬቱ ካለፈ በኋላ ክፍተቶቹን እዩ። የደረጃው መወጣጫ፣ የአጥሩና የመደገፊያው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ከ9 ሴንቲ ሜትር በታች ወይም ከ23 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ደህና ነው። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ልጅ አጥር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ነው፤ እግሩና ወገቡ ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ይቀራል፣ ሰውነቱ ይንጠለጠላል። ሜትር ባትይዙም ለአዋቂ መዳፍ ወርድ የሚበቃ፣ ለስንዝር ግን የማይሰፋ ክፍተት ካያችሁ ትንሹን ልጅ ከዚያ አርቁ።

ሸርተቴ ላይ በጣም የተለመደው አደጋ የሚመጣው ከወላጅ ፍቅር ነው። ልጁ እንዳይፈራ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አብረው ይወርዳሉ። የልጁ ጫማ የሸርተቴውን ጎን ወይም ወለሉን ይነካና ይያዛል፤ የአዋቂው ክብደት ግን መውረዱን አያቆምም፤ የልጁ ቅልጥም ይጠመዘዝና ይሰበራል። ልጁ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እግሩ ሲያዝ ራሱ ይቆም ነበር። ብቻውን መውረድ የሚፈራ ልጅ ለዚያ ሸርተቴ ገና ነው፤ ያጠረ ፈልጉለት፣ ወይም ከጎን ቆማችሁ ወገቡን ይዛችሁ አውርዱት። ደረጃውን ራሱ መውጣት ያልቻለን ልጅም አንስታችሁ ከላይ አታስቀምጡት። መውጣት የቻለ ልጅ መውረዱንም አብሮ እየተለማመደ ነው፤ ተነስቶ የተቀመጠው ግን ከላይ ሆኖ ግራ ይገባዋል። እናንተ የምትቆሙት ከደረጃው ጎን፣ እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ነው። ከሸርተቴው አፍ ፊት ለፊት ከቆማችሁ የሚወርደው ይመታችኋል፤ የሚወጣውንም መያዝ አትችሉም።

ከመውጣቱ በፊት አንገቱን እዩ። ሻርፕ፣ ገመድ ያለው ኮፍያ፣ የአንገት ሐብልና ማዕተብ ሸርተቴው አናት ላይ ካለ ብሎን ወይም ከመያዣ ብረት ጋር ሊያዝ ይችላል። ማዕተቡ ስስ የጥጥ ክር ከሆነ ሲጎተት ይበጠሳል። በናይለን ወይም በቆዳ የተሠራው ግን አይበጠስም፣ ልጁን ያንቃል። ማውለቅ ለማትፈልጉ ቀላሉ መንገድ በቀላሉ በሚበጠስ ክር መቀየርና ከካናቴራው ሥር ማስገባት ነው።

የዥዋዥዌ አደጋ በተቀመጠው ልጅ ላይ ብቻ አይደለም። ከኋላ ሮጦ የሚያልፈው ልጅ የመቀመጫውን ጠርዝ በግንባሩ ይቀበላል፤ የጣውላና የብረት መቀመጫ ደግሞ ከባድ ነው። ዥዋዥዌ የተንጠለጠለበት ብረት 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ከፊትም ከኋላም 4.8 ሜትር፣ ማለትም እጥፉ፣ ነፃ መሆን አለበት። ሰንሰለቱ የታሰረበትን ቆልማማ ማያያዣ ደግሞ በቅርብ እዩት፤ አፉ ካልገጠመና ውስጡ በግጭት እየሳሳ ከሄደ አንድ ቀን ይለቃል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዙሪያውን የተዘጋ መቀመጫ ያለው ዥዋዥዌ ነው የሚሆነው። ያ ከሌለ ሳይገፋ፣ በእጅ ተይዞ፣ በዝግታ ይወዛወዝ። ትራምፖሊን ላይ ሐሳቤ አጭር ነው፦ ከስድስት ዓመት በታች አይግባ። ሌሎች ሲገቡም አንድ በአንድ ይሁን፤ ትልቅና ትንሽ አብረው ሲዘሉ የሚጎዳው ቀላሉ ልጅ ነው።

ሰዓቱም ራሱ ጥበቃ ነው። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:30 ድረስ ብርዱ ለቋል፣ ፀሐዩ አልበረታም፣ ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን መቃጠሉ አይሰማም። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ የሌለው ቦታ አትቆዩ፤ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ባርኔጣም አይለያችሁ። የብረት ሸርተቴ ሲሞቅ ቆዳ ያቃጥላል፤ የእጃችሁን ጀርባ አምስት ሰከንድ አሳርፉበት፣ እናንተ ካልቻላችሁ ልጁም አይችልም። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት ክፍት ነው፤ ግን የሌሊቱ ውኃ ሸርተቴው ግርጌ ይተኛል፣ ደረጃውም ያዳልጣል። አንድ ደረቅ ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። በዚያ ወቅት ከአሻንጉሊት ይልቅ የሚያገለግለው እሱ ነው።

እሑድ ከሰዓትና በበዓል ቀን ትልልቆቹ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ሲነገራቸው ይሰማሉ። «ማሙሽ፣ እሱ ይውረድና ትወጣለህ፤ ትንሽ ነው አይደል?» ብትሉት ራሱ ጠባቂ ይሆንላችኋል። ልጁን የምትወስደው ሞግዚት ከሆነች አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱና የትኛው መጫወቻ እንደሚፈቀድና የት እንደሚቆም በተግባር አሳዩዋት። «ተጠንቀቂ» ብሎ መላክ ምንም አይነግራትም።

ለመክሰስ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች ይበቃል። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጡ። እየሮጠ ወይም እየሳቀ ያለ ልጅ አፉ ውስጥ ያለች አንዲት የሽምብራ ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ ምንም ይሁን ምን ተቀምጦ ይብላ፣ ጨርሶ ይነሳ። ውኃና ሳሙና ያዙ፤ አሸዋው ላይ ድመትና ውሻ ስለሚፀዳዳ ሳይታጠቡ መብላት የአንጀት ትላትል ያመጣል። የሕዝብ መጸዳጃው ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ዳይፐር ገና ያቆመ ልጅ ያላችሁ ትንሽ ፖፖና ሁለት ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ «አምስት ደቂቃ ቀረህ» አትበሉት፣ ደቂቃ አያውቅም። «ሁለቴ ተንሸራተህ እንሄዳለን» በሉትና አብራችሁ ቁጠሩ።

ልጁ ወድቆ በጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራሱን ከሳተ፣ ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይደወላል። ሸርተቴ ላይ እግሩ ተይዞ የነበረ ልጅ ደግሞ ላያብጥ፣ ላይላላጥም ይችላል፤ መርገጥ እምቢ ማለቱ ብቻ የስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ቀድሞ ወጌሻ ይጠራል። እባካችሁ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ሸምበቆ ወይም ጨርቅ የደም ዝውውር ያቋርጣል፤ እግር እስከመቆረጥ የደረሱ ልጆች አሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፣ ልጁም በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ ያለ መዘግየት ለክትባት ጤና ተቋም ውሰዱት።

ኮብልስቶን ላይ የተተከለ ሸርተቴ ያለበት ግቢ የምትኖሩ ለግቢው ኮሚቴ ይህን አቅርቡ። ሸርተቴው ከ1.2 ሜትር ካልበለጠ ኮብልስቶኑን አንስቶ አሸዋ መሙላት በመዋጮ የሚቻል ሥራ ነው። 4 ሜትር በ5 ሜትር ቦታ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 6 ሜትር ኩብ አሸዋ ይበቃል፤ ከ23ቱ በላይ የተጨመረው እየተረገጠ ሲጠቀጠቅና ሲበተን ለሚጎድለው ነው። የታጠበና ድቡልቡል የወንዝ አሸዋ ይሁን፤ ከግንባታ የተረፈው ጠጠርና ሚስማር አያጣውም። ሰጋቱራ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም፤ ግን ሲርስ ይጋገራል፣ ሲደርቅ በነፋስ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከአሸዋው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሳችሁ ውኃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ለዩት፣ አለዚያ በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ኩሬ ይሆናል። ዙሪያውን በአሮጌ ጎማ ወይም በግንድ ክበቡት። ማታ ማታ ሸራ ቢለብስ ድመት አይገባበትም። ከዚያ በየቅዳሜው አንድ ሰው በሬክ ዥዋዥዌው ሥርና ሸርተቴው አፍ ላይ የጎደለውን ከዳር እየሳበ ይሙላ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ በየተራ ስም ዝርዝር ካልተለጠፈ ግን ማንም አይሠራውም።